ጨርቁን የምተውበት ቦታ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ፣ ጭማቂ ቤቶች በሚበዙበት መንገድ ዳር የመሥሪያ ቤታችን መኪና ቆማ ሳለች፣ የማንጎ ሳጥን የተሸከመ ሰው ሲያልፍ ሚዛኑን ሳተና የሳጥኑ ጠርዝ ኮፈኗ ላይ አረፈ። ከባድ አልነበረም። ሰውዬው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ሳጥኑን አቅፎ ጭማቂ ቤቱ ውስጥ ገባ። ሹፌራችን ወርዶ ጣቱን በምራቁ አረሰና ቀለሙን ፈተግ ፈተግ አደረገው። አልተላጠም። በማንኪያ ጀርባ የተጫኗት የምትመስል ትንሽ ስርጉድ ብቻ ነበረች። እኔም ከኋላ ወንበር ወረድኩና፣ ለምን እንደሆነ ሳላስበው፣ ሻርፔን ኮፈኑ ላይ አንጥፌ መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

«ምን እያዳመጥሽ ነው?» አለኝ ሹፌሩ እየሳቀ። «ልቧ መምታት አቆመ እንዴ?»

መንገደኛው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝና እጄን አነሳሁ። ሰው ሲያየኝ ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ይህ ከልጅነቴ ያልለቀቀኝ ነው። ግን እጄ እኔን ሳያማክር ቀድሞኝ ሄዶ ነበር። የሄደውም ሩቅ ነው፤ ጋሪ ገና ከዋናው መንገድ ባልተባረረበት ዘመን፣ መናኸሪያው ጀርባ ወደነበረ አንድ የቆርቆሮ ዳስ።

ያኔ ግማሻችን ናዝሬት፣ ግማሻችን አዳማ እንላት ነበር፤ አሁንም አልተስማማንም። ከመናኸሪያው እስከ ሰፈራችን በጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ባለጋሪው ግን ወንበሩ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ለፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉትዬ ያስሩላቸዋል፤ ቃጭላቸው ከሩቅ ይሰማል። ሰማያዊዎቹ ባጃጆች ገና መግባታቸው ስለነበረ ፈረሶቹ ሲያዩዋቸው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ልጃገረዶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ የጂንስ ጉርድ እንለብስ ነበር፤ በጥር ንፋስ ጉርዱ እግራችን ላይ እየተጠመጠመ ያደናቅፈናል። ንፋሷን የማያውቅ ሰው ናዝሬትን አያውቃትም። ከጠዋት ጀምሮ አቧራውን ጠርጎ ወደ ቆቃ ይዞት ይሄዳል፤ የየሱቁ መጋረጃ እንደ ሸራ ይወጠራል፤ የተሰጣ ልብስ ጎረቤት ግቢ ይገኛል። ጥግ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ የሰርግ ዘፈን ያሰማል። ንፋሱ ዜማውን እየነጠቀ ስለሚወስደው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከበሮውና ጭብጨባው ብቻ ነበር። ዛሬ ያ ሙዚቃ ቤት የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ከበሮው ግን አንዳንድ ቀን የሚሰማኝ ይመስለኛል።

በእኛ ከተማ ሰርግ ያለ ክላክስ ሰርግ አይባልም። ሙሽሮቹን የያዘችው መኪና በአበባና በሪባን አጊጣ ትመራለች፤ አጃቢዎቹ ተከትለዋት አደባባዩን ይዞራሉ፣ ይመለሱና ደግሞ ይዞራሉ። ሚዜዎቹና የሰፈሩ ጎረምሶች ከወገብ በላይ በመስኮት ወጥተው እየዘፈኑ ጣራውንና በሩን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። መኪናው ራሱ ከበሮ ይሆናል። ጣቱ ላይ ቀለበት ያለው፣ በክርኑ የሚመታ፣ ትንሽ የቀመሰም አይጠፋም። በማግስቱ ሪባኑ ሲፈታ ነው ጉዱ የሚታየው፤ ጣራው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሎ ያድራል። የአባቴ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነበር።

አባቴ ባትላሜራ ነበር። ጋሽ ተስፋዬ ሲባል መናኸሪያ አካባቢ የማያውቀው ሹፌር የለም። የተጨረመተ ላሜራ በመዶሻ አቃንቶ፣ በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ለቀለም የሚያደርስ ብዙ ነው። እሱም ይህን ይሠራል፤ ያ የስቱኮ ሽታ፣ የበሰለ ሙዝና ቤንዚን የተቀላቀለ የሚመስለው፣ ለእኔ የአባቴ ቱታ ሽታ ነው። ከአሰላም ከሻሸመኔም እየመጡ እሱን የሚፈልጉት ግን ለሌላ ነገር ነበር። ትንንሾቹን ስርጉዶች ቀለሙን ሳይነካ ያወጣቸዋል። የበሩን የውስጥ ሽፋን ይፈታና፣ ጫፉ በቆዳ በተጠቀለለ ጠማማ ብረት ከኋላ በኩል ቀስ፣ ቀስ አድርጎ፣ እያባበለ ይገፋል። ከልኩ ትንሽ ካለፈ ጎድጓዳው ጉብታ ይሆናል፤ ቀለሙም ይሰነጠቃል። በጥር ወር ደግሞ እንደገና ቀለም መቀባት ማለት አቧራ መቀባት ነው። ስለዚህ የሥራው ምስጢር «በቃ» የሚባልበትን ቅጽበት ማወቅ ነበር። ይህን የሚያውቀው በመዳፉ ነው። ቀጭን ጨርቅ ያነጥፍና ዓይኑን ጨፍኖ ይዳብሳል። «ዓይንን ብርሃን ያታልለዋል» ይል ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ በቆየሁበት በዚያ ዓመት የአባቴ እጅ ደነዘዘ።

መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ምሳ ይዤለት ስሄድ የላሜራ ጠርዝ ጣቱን ቆርጦት ደሙ እስከ ክርኑ ይወርዳል፤ እሱ ግን ከደንበኛ ጋር እየሳቀ ያወራል። «አባዬ፣ እጅህ!» አልኩት። ዝቅ ብሎ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። ደንበኛው ሲሄድ ነገረኝ። ከትንሿ ጣት ነው የጀመረው፤ ከዚያ ሌሎቹ፣ ከዚያ መዳፉ። ሐኪሙ «ከስኳር ነው» ብሎታል፤ ስኳር እንዳለበት እንኳ ቤት ውስጥ አናውቅም ነበር።

«ጓንት አድርጌ የምሠራ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። «አልወልቅ ያለ ጓንት።» ከዚያ ፊቱን ወደ መዶሻዎቹ አዞረ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ለማንም። የባትላሜራው እጅ አይሰማም ከተባለ ነገ እዚህ ዳስ ሥር የሚቆም መኪና የለም።»

ይህን ምስጢር ይዘን እንዴት እንደምንኖር ተቀምጠን አልተመካከርንም። ነገሩ በራሱ መጣ። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹን አንብቤ ስመለስ ዳሱ ሥር እሄድና መኪናዎቹን አጥብለታለሁ። የታጠበውን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል መዳፌ ይዳብሳል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እሱ ሲዳብስ አጠገቡ ቆሜ የእኔንም እጅ አሳርፍ ስለነበረ ላሜራ ሲጎድልና ሲያብጥ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሳትወጣ የቀረች ስርጉድ አገኘሁ። ደንበኛው ቆሟል። መናገር ፈራሁና እርጥቡን ጨርቅ እዚያችው ላይ እንደተለጠፈ ትቼው ባልዲዬን ይዤ ሄድኩ። አባዬ ጨርቁን አየ። አነሳው። ብረቱን አስገብቶ ገፋ። ስመለስ ጨርቁን ተጨምቆና ታጥፎ ባልዲው መቀመጫ አጠገብ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ቋንቋችን ይኸው ሆነ። ጨርቁን የምተውበት ቦታ ሥራ የቀረበት ቦታ ነው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ከጣልኩት መኪናው አልቋል ማለት ነው።

ሰላም ግን አልነበረኝም። የአጠገባችን በያጅ ገመቹ ጠዋት ጠዋት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «አካም ቡልተኒ ጋሼ!» እያለ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ በዲግሪ የታጠበ መኪና ለብቻው ነው የሚከፈለው?» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ እስቃለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ግን ንቁ ነው፣ ምላሱ ደግሞ ከዓይኑ ይፈጥናል። እሱ ጠዋት ያየውን ምሳ ሰዓት ላይ መናኸሪያው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ገመቹ ባለበት ጨርቁን ስተው የረሳሁት ለመምሰል ባልዲዬን አንስቼ ቶሎ እርቅ ነበር።

ሐጂ ኑሩ የመጡት ንፋሱ በበረታበት አንድ ጠዋት ነው። ወሎ ተወልደው፣ ሁሩታ እህል ነግደው፣ በኋላ ናዝሬት ገብተው የጭነት መኪና ያሠማሩ ሰው ናቸው። ነጭ ኮፍያቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ከአንዲት ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ወረዱ። ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ምንም አይደብቅም። ጣራዋና የኋላ በሮቿ ላይ መዳፍ ያረፈበት፣ ክርን ያረፈበት ሁሉ ይቆጠራል። የመጥረጊያዋ ሥር ሪባን የታሰረበት ቦታ ሳይቀር ያስታውቃል።

«የሟች ወንድሜ ናት» አሉ ሐጂ። «ሲታመም ለባለቤቴ አቆይልኝ ብሎ በአደራ ሰጠኝ። እሷ ሁሩታ ናት፤ ልጃቸው መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ እኔ ዘንድ ትቁም ተባለ። ወላሂ ለራሴ ጉዳይ አንድ ቀን አልነዳኋትም። ባለፈው እሁድ ግን ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ሙሽሪትን የሚያመጣት መኪና ቀረበት። ደጄ መጥቶ ቆመ።»

«እምቢ አይባል» አለ አባዬ።

«እንዴት ተደርጎ? ወንድሜ የሞተ ቀን ድንኳኑን የተከለልኝ ሰው ነው። አደራ ነው ብለው ይገባዋል? ነፈገኝ ነው የሚለው። ይሉኝታ ያዘኝና ቁልፉን ሰጠሁት።» ጣራውን አዩትና ዓይናቸውን መለሱ። «ልጁ አሁን መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ነገ ጠዋት ከእናቱ ጋር ሊወስዷት ይመጣሉ። ቀለሟ እንዳይነካ፣ ወንድሜ ተስፋዬ። እሱ እየወለወለ ያኖረው ቀለም ነው። በስቱኮና በአዲስ ቀለም ከሆነ ሚስቱ ቀርቶ መንገደኛም ያውቀዋል።»

«አብሽር አይደል የምትሉት እናንተ?» አለ አባዬ ፈገግ ብሎ። «ጥለዋት ይሂዱ፤ ከሰዓት ይምጡ።»

«የት እሄዳለሁ? በእሷ ምክንያት እንቅልፍ እንኳ አልተኛሁም። ወንበር ስጠኝ፤ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ሌላው ደንበኛ ሁሉ ሻይ ቤት ይሄድ ነበር። ሐጂ ወንበራቸውን ከመኪናዋ ጎን አስቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ከአባቴ እጅ ላይ ሳይነቅሉ ተቀመጡ።

አባዬ የበሩን ሽፋን ፈታ፤ የጣራውንም የውስጥ ጨርቅ አወረደ። እኔ ባልዲዬን አመጣሁ። መዳፌ ገና በሩን እንደነካ ሐጂ «ልጄ፣ መኪናዋ ንጹሕ ናት እኮ» አሉኝ።

«አቧራው...» አልኩ።

«ተያት በቃ። አቧራ ያለበት ጨርቅ ቀለም ይጭራል።»

እጄን ሰበሰብኩ። አባዬ ከበሩ ውስጥ ቀና አላለም፤ ድምፁ ብቻ መጣ። «እርጥብ ጨርቅ ላሜራውን ያቀዘቅዝልኛል ሐጂ። ትርዳኝ።» የአባቴን ውሸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሐጂ ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ፤ እኔም ወለወልኩ። ጨርቁን ስተው እሱ ይገፋል፣ ስወለውል እዳብሳለሁ፣ እንደገና እተወዋለሁ። ጨርቁ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር የሐጂ ዓይን አብሮት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አንዱ በር አለቀ። ሁለተኛው በር ላይ ስንደርስ ገመቹ በትሪ ሻይ ይዞ መጣ።

«እንግዳ በደረቁ አይቀመጥም» አለ። «ሐጂ፣ ይጠንቀቁ፣ አሁን ከእሳት የወረደ ነው።»

ሐጂ ብርጭቆውን ጠርዙን ይዘው ቶሎ መሬት አስቀመጡና ጣታቸውን እፍ አሉበት። አባዬ ግን የራሱን ብርጭቆ በመላ መዳፉ ጨበጠው። ጨብጦም ወሬውን ቀጠለ፤ ድሮ ስለነበረ ስለ አንድ የወንጂ ሹፌር ነበር የሚያወራው። እንፋሎቱ በጣቶቹ መካከል ይወጣል። ገመቹ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ አየው።

«ጋሼ፣ እጅዎ ላስቲክ ነው እንዴ?»

አባዬ ወሬውን አቋረጠ። ተነስቼ «ይኼኛው የእኔ ነው» አልኩና ብርጭቆውን ከእጁ ወሰድኩት። ቀኝ መዳፌ ተቃጠለ። መጣል አልቻልኩም፤ ከጣልኩት ሁሉም ያውቃሉ። ይዤው እስከ ውኃው በርሜል ሄድኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ አስቀመጥኩትና እጄን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩት። ከኋላዬ አባዬ «ዕድሜ ልኩን መዶሻ የጨበጠ እጅ ሻይ ይፈራል?» ሲል ሰማሁ። ገመቹ ሳቀ። ሐጂ ሲስቁ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ የወለወልኩት በግራ እጄ ነው። ሁለተኛውን በር እንደምንም ጨረስን። ጣራው ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ዳሱን አልፋ ላሜራውን ስላጋለችው ለነገ ጠዋት ተባለ። የጋለ ላሜራ ለማንም መዳፍ እውነቱን አይናገርም።

ጠዋት ቀድመን ሄድን። የዳሱን ሰንሰለት ልፈታ ስል አባዬ እጄን ያዘውና ገለበጠው። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል።

«ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው፤ ትንሽ ነው።»

የራሱን መዳፍ ከመዳፌ አጠገብ ዘርግቶ አየው። የእሱም ቀልቷል፣ አብጧልም፤ አላወቀም ነበር። ሐጂ ሲመጡ ሰላምታ ሰጣቸው። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተንጋለለና የጣራውን ላሜራ ከሥር ይገፋ ጀመር። እኔ ከውጭ በግራ እጄ እወለውላለሁ። ግራ እጄን አላምነውም፤ አልለመደም። መሐል ላይ አንድ ቦታ ተጠራጠርኩ። ስርጉድ ናት? የራሴ ፍርሃት ነው? ተመልሼ ልዳብስ ስል የሐጂ ስልክ ጮኸ።

«ዴራን አልፈናል ነው የሚሉት» አሉ ስልኩን ዘግተው። ተነሱ። ወንበራቸው ወደቀ። «አልቋል ወይስ አላለቀም?»

ደነገጥኩና ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። አባዬ ጨርቁን አየና ከመኪናዋ ወጣ።

ሐጂ በመዳፋቸው ጣራውን እዚህም እዚያም ነካ ነካ አደረጉ። «እኔ የማውቀው እህል ነው» አሉ። «ስንዴ ቢሆን እነግርህ ነበር። አንተ እጅህን ጣልና አለቀ በለኝ። አንተ ካልከኝ እኔም የወንድሜ ሚስት ፊት ቆሜ አደራሽ ደህና ናት እላለሁ።»

ገመቹ መበየጃውን አጥፍቶ መጥቷል። ሁለት የሚኒባስ ሹፌሮችም ቆመዋል። አባዬ ጨርቅ አነጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያን ዳሰሳ ጀመረ። እጁ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። እኔ የተጠራጠርኩባት ቦታ ላይ ደረሰ። እጁ አለፋት። ጣራው ላይ ያለችው የሰማይ ነጸብራቅ እጁ ባለፈበት ትንሽ ታጠፈች፤ ስለ ስርጉዷ አሁን ጥርጣሬ አልነበረኝም። አለች። መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ አባቴ ያልሰማውን እኔ ሰማሁ ማለት ነው፤ ገመቹ ፊት፣ ሹፌሮቹ ፊት። ዝም ካልኩ ሐጂ በአደራ ላይ ሐሰት ሊምሉ ነው። ባልዲው ውስጥ የሰጠመውን ጨርቅ አየሁት።

አባዬ ዓይኑን ገለጠና ፊቴን አየ። እጄን አይደለም፤ ፊቴን።

«አለቀ ልልዎት እችል ነበር» አለ ሐጂን። «እስካሁንም እንደዚያ እያልኩ ነው የኖርኩት። ግን ይህ እጅ አይሰማም። ደንዝዟል። በቃ፣ ከደነዘዘ ቆየ። ትናንት የልጄን እጅ ያቃጠለው እሱ ነው። ላሜራዋን የምታውቃት ልጄ ናት። እሷን ይጠይቋት።»

ንፋሱ የዳሱን ቆርቆሮ ያንቋቋል። ገመቹ መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አወረደና በእጁ ይዞ ቀረ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አልቋል?»

«ቀርቷል» አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። ጨርቁን ከባልዲው አወጣሁና ጣራው ላይ አስቀመጥኩት። «እዚህ ጋ።»

ሐጂ ጨርቁን አዩ፣ አባቴን አዩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «እኔ አደራ ለሰርግ ያዋስኩ ሰው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «በማን ላይ ልፈርድ ነው? ደርሰዋል እኮ፣ ምን ቆማችኋል!»

አባዬ ተመልሶ ገባና ተንጋለለ። እኔ ግራ መዳፌን ከላይ አሳረፍኩ። በመካከላችን አንዲት ቀጭን ላሜራ ብቻ ናት። ብረቱ ከሥር ሲፈልገኝ ተሰማኝ። «ወደ ግራ» አልኩ። መጣ። «እሱ ነው። ግፋ። ቀስ... ቀስ...» የአባቴ ጉልበት በላሜራው አልፎ መዳፌን ወደ ላይ ሲገፋት ተሰማኝ። እሱ እኔን አልሰማኝም፤ እኔ ግን እሱን ሰማሁት። ላሜራዋ ቀና አለች፣ ደግሞ ትንሽ ቀና አለች፣ ከእጄ ጋር እኩል ሆነች።

«በቃ!» ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ብረቱ ቆመ።

የሐጂ ወንድም ባለቤት ጥቁር ለብሳ ከልጇ ጋር መጣች። ጣራውን ቀና ብላም አላየችው። በሩን ከፍታ መሪው ፊት ተቀመጠችና እጇን መሪው ላይ አድርጋ ቆየች። ሐጂ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሷ ከመቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ የቀረች ቁራጭ ነጭ ሪባን ስባ አወጣች።

«ሰርግ ሄዳ ነበር እንዴ?»

«ጎረቤት ቸግሮት...» አሉ ሐጂ መሬት መሬት እያዩ። «አውፍ በይኝ፤ አደራሽን...»

«ደግ አደረጋችሁ» አለች ሪባኑን እየጠቀለለች። «እሱ እኮ ሰርግ ይወድ ነበር።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። ያወራው ገመቹ አልነበረም፤ ሹፌሮቹ ናቸው። ገመቹ እንዲያውም ለብዙ ቀን አልቀለደብኝም፤ ይህ ከቀልዱ በላይ ከበደኝ። ከደንበኞቹ የሄዱ ነበሩ፣ ሄደውም የቀሩ። «ልጅቷ አለች ወይ?» እያሉ የመጡም ነበሩ። እናቴ ለአንድ ሳምንት ሁለታችንንም አኮረፈችን፤ ከዚያ የአባቴን ሻይ ያለ ስኳር ማፍላት ጀመረች። ሥራ እስካገኝ ድረስ ከዚያ ወዲያ በግልጽ አብረን ሠራን፤ ባልዲ ሳንይዝ፣ እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ። ሥራ ያገኘሁ ቀን አባዬ ጠማማውን ብረት በጨርቅ ጠቅልሎ ለገመቹ ሰጠው። «ጥርስ በይደህበት መቧጠጫ እንዳታደርገው» አለው። አባዬ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ዳሱ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቷል።

ሹፌራችን ሞተሩን አስነስቶ ሲጠራኝ ነው የባነንኩት። ወደ ኋላ ወንበሬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እሱ ግን መልሶ ወረደ።

«እህቴ፣ ሻርፕሽን ኮፈኑ ላይ ትተሽዋል እኮ! ንፋሱ ሊወስደው ነበር።»

አንስቶ በመስኮት አቀበለኝ። አመስግኜ ተቀበልኩት፤ አጣጥፌም ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጨርቁን ያነሳው ሰው እንደ አባዬ ከሥሩ ያለችውን አልፈለጋትም። መኪናዋ ስርጉዷን እንደያዘች መንገዱ ውስጥ ገባች።